ሊቀ ኮፈን መሪጌታ ዘርአ ዳዊት

በዚህ አገር መኪናውን ብቻውን ሠርቶ የጨረሰ ሰው አለ የሚል ካለ ይምጣና ያሳየኝ። የለም። የመኪና ኮፈን መከፈት እንደ እድር ጥሩምባ ነው፤ የሰማም ያልሰማም ይደርሳል። ከሚደርሱት ውስጥ አንዱ ሁልጊዜ ከሁሉም ይቀድማል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ሞተሩን ታማሚ እንደሚጠይቅ ሰው ያየዋል። መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድ የለውም። ምክር ግን ሞልቶታል። እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ሊቀ ኮፈን እለዋለሁ። በየሰፈሩ አንድ አለ፤ በእናንተ ሰፈር ከሌለ ምናልባት እናንተ ናችሁ።

እዚህ ደብረ ብርሃን፣ የእኛ ሰፈር ሊቀ ኮፈን መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ይባላሉ። በዜማ ወደር የላቸውም፤ ማኅሌት ሲመሩ የተኛ ይነቃል። በመኪና በኩል ግን ጎማ ከተባለ ነገር ያላቸው የሚጫሙት ጫማ ብቻ ነው። ይህ አንድም ቀን አግዷቸው አያውቅም። "እኔ መኪና አላውቅም" ብለው በትሕትና ይጀምራሉ። ቀጥሎ "ግን" ይመጣል። ከ"ግን" በኋላ ያለውን ለመስማት የሚሻ ሰው ምሳውን በልቶ ቢመጣ ይሻለዋል።

የምርመራ መሣሪያቸው ጆሯቸው ነው። ሞተር ሲነሣ መዳፋቸውን ዘርግተው ሁላችንንም ጸጥ ያሰኙናል። "ዝም በሉ፤ እሷ ትናገር" ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ፍርድ ይሰጣሉ።

ጎረቤታችን አቶ ወልደአረጋይ አንድ ጊዜ የጭነት መኪናቸው አልነሣ ብላ ተቸገሩ። መሪጌታ አዳመጡና "ቤንዚኑ ነው፤ አልተስማማትም" አሉ።

"መሪጌታ፣ ይቺ እኮ የናፍጣ መኪና ናት" አሏቸው ወልደአረጋይ።

የመሪጌታ ቅንድብ እንኳን አልተነቃነቀም። "ታዲያ በሽታዋ እሱ ነዋ" አሉ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሮዳስ የምትባል ባጃጅ ነጂ በጠዋት ውርጭ ባጃጇ እንቢ አለቻት። መሪጌታ "ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሪያትና ትንሽ ታገሻት" አሏት። አዞረቻት። ፀሐይ ወጣች፤ ባጃጇም ተነሣች። ፀሐይ ስትወጣ እንኳን ባጃጅ እኛም ከአልጋችን እንነሣለን፤ ግን ይህን ማን ይሰማል? በእኛ ሰፈር ሊቅ ለመባል አንዴ መሳካት ይበቃል። ከዚያ ወዲህ መሪጌታን ሳያማክር ኮፈኑን የዘጋ የለም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

አማቴ ወይዘሮ አስካለማርያም የሚኖሩት ከአንኮበር በታች፣ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። በዚህ በታኅሣሥ፣ አንድ ሰኞ፣ ሐኪሞች ደብረ ብርሃን መጥተው የዓይን ሞራ በነፃ እንደሚያነሡ ተነገረ። ያ ሰኞ ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ችግሩ፣ አማቴ የሚንኳኳ መኪና ላይ አይወጡም። በደጉ ዘመን ተሳፍረውበት የነበረ የጭነት መኪና እዚያው ቁልቁለት ላይ ሲንኳኳ ሲንኳኳ ቆይቶ ጎማው ተነቀለና ከተሳፋሪው ቀድሞ ወደ ገበያ ወረደ። ከዚያ ወዲህ "ጓ" የሚል ድምፅ ከሰሙ "አውርደኝ" ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የማይንኳኳ መኪና የለም።

የእኔም መኪና ትንኳኳለች። ባለፈው ላመጣቸው ስሞክር ግማሽ መንገድ ላይ ወርደው፣ በዚያ በተጋረደ ዓይናቸው፣ በዱላቸው እየዳበሱ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ከኋላ በመኪና ቀስ እያልኩ ሸኘኋቸው። "የማትንኳኳ አምጣና እመጣለሁ። አለበለዚያ ዕውርነቴን ይዤ እቀመጣለሁ" አሉኝ። ሚስቴ ሥርጉት ይህን ስነግራት አለቀሰች።

የሚንኳኳው ብራቾው ነው፤ የፊት ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ። መገጣጠሚያው ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የምትገባ ላስቲክ አለች፤ ጎሚኒ ትባላለች። እሷ ካለቀች ብረቱ እንደ አሮጌ በር ይንኳኳል። የማውቃቸው ጋራዦች ሁሉ እስከ ገና ድረስ ተይዘዋል። እኔም የግራውንም የቀኙንም ጎሚኒ ገዛሁና ቤቴ ልሠራው ቆረጥኩ። ስልክ ላይ በቪዲዮ ያየሁት ልጅ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ጨርሶት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ መኪናዋን ከግቢዬ በር ላይ በክሪክ አነሣሁ። ኮፈን አልከፈትኩም፤ ተጠንቅቄያለሁ። ምን ዋጋ አለው! የክሪኩን ሲጥሲጥታ ሰምተው ኖሮ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከች አሉ።

"ጎሚኒ ልቀይር ነው መሪጌታ፤ ከግራም ከቀኝም" አልኳቸው፣ ነገሩን ለማሳጠር።

"እስቲ ከክሪኩ አውርዳትና ወዝወዝ አድርጋት። ትናገር።"

አውርጄ ወዘወዝኳት። ጓ አለች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ዕዝል ነው" አሉ። ዕዝል ለስለስ ብሎ ከሆድ የሚወጣው ዜማ መሆኑን ዜማ ላልተማረው ለእኔ ቢጤው ጨዋ አስረዱኝ። "እኔ መኪና አላውቅም። ግን ይህ ድምፅ ከግራ ነው። ቀኟ ጤነኛ ናት።"

ግራውን ፈታሁ። አሮጌዋ ጎሚኒ አልወጣም አለች። መሪጌታ "ምታት" ሲሉኝ መታሁ፣ "ተዋት፣ ትረፍ" ሲሉኝ ተውኩ፣ "በሌላው በኩል ምታት" ሲሉኝ በሌላው በኩል አውራ ጣቴን መታሁ። እሷ ስትወጣ ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል። አዲሷ ደግሞ አልገባም አለች። የስልኩ ልጅ የሳሙና ውኃ ቀብቶ ነው የሚያስገባት፤ እኔም ሳሙና ፍለጋ ተነሣሁ።

"ሳሙና?" አሉ መሪጌታ፣ እንደማዘን ብለው። "ሳሙና ያጥባል እንጂ ያስገባል? ቅቤ ነው እንጂ።"

በቤታችን ቅቤ የለም አልልም፤ አለ። ሥርጉት ለገና ብላ አንጥራ ያስቀመጠችው፣ እኔ እንኳን ክዳኑን እንዳልነካ የተገዘትኩበት ቅቤ። ከበሩ ላይ ሆና ሰምታለች። "መሪጌታ፣ ጾም ነው እኮ" አለች፤ መውጫ ያገኘች መስሏት።

"ልጄ ሥርጉት" አሉ መሪጌታ በእርጋታ፣ "መኪና አይጾምም።"

ለዚህ መልስ ያለው ይመልስ። ሥርጉት ቅቤውን አመጣች፤ ስታቀብለኝ ያየችኝን አስተያየት ግን ለጠላቴም አልመኝም። ቅቤው በብርዱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ደብራችን የሚኮራባቸው መሪጌታ በጾመ ነቢያት ቅቤ ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በብብታቸው አሞቁት። ቀባናት፤ በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ ጨመቅናት፤ ሹልክ ብላ ገባች። ቅቤ ላስቲክ እንደሚያበላሽ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት መግባቷን ብቻ ነበር።

መጨረሻ ላይ ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ፣ ሸክም ይዛ ስትቆም ነው፤ ተንጠልጥላ ከታሰረች ላስቲኳ ተጠማዛ ትቀደዳለች። "ሸክም ያስፈልገኛል" ስል መሪጌታ በሩን ከፍተው ገቡና ተቀመጡ። በዕለቱ የሠሩት ትክክለኛ ሥራ እሱ ነው፤ መቀመጥ። እዚያው እንደተቀመጡ "ነገ እኔም አብሬህ እወርዳለሁ፤ ብትናገር የሚሰማት ያስፈልጋታል" ብለው ወሰኑ።

የቀኙን ልጀምር ስል መሽቷል። "ያልታመመ እግር አይፈታም" አሉ። ደክሞኛል፤ አውራ ጣቴም አብጧል። እሺ አልኩ። በማግስቱ ስነሣ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ በግራ ጎማዬ በኩል ተሰብስበው ብራቾውን ይልሳሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። እስከ አንኮበር ድረስ መኪናዋ ጭጭ ብላለች። መሪጌታ ከጎኔ ሆነው በየመታጠፊያው "አየህ?" ይሉኛል። "አየሁ መሪጌታ" እላለሁ። ከአንኮበር አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ፣ ጓ አለች።

"ከቀኝ ነው መሪጌታ" አልኩ።

ሁለተኛው ጉድጓድ መጣ። ጓ።

"እኔ መኪና አላውቅም" አሉ መሪጌታ።

"ግን"ን ጠበቅኩ። አልመጣችም። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረው ገደሉን የሸፈነውን ጭጋግ ያያሉ። ስንት ዘመን የተመኘሁትን ዝምታ አገኘሁ፤ አልወደድኩትም።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሰላም ሳልላቸው "ይሁኔ፣ ትንኳኳለች?" አሉኝ።

አዎ ካልኩ ሐኪሞቹ ያመልጧቸዋል። አይ ካልኩ ማየት የማይችሉ ሴት ልዋሽ ነው። መሪጌታ ከኋላዬ መጥተው የአማቴን እጅ ያዙ። "እመት አስካለማርያም፣ እኔ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ነኝ። ከጎንዎ እቀመጣለሁ" አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። አማቴም መሪጌታ ከተቀመጡበት መኪና ላይ አልወጣም ማለት ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ ወጡ።

ሞተሩን አስነሣሁ። ከግቢው እንደወጣን ከፊታችን ጉድጓድ አየሁ። ጎማው ሊገባ ሲል ከኋላዬ የመሪጌታ ድምፅ ዳገቱን ሞላው። ወረብ ጀመሩ። በመቋሚያቸው የመኪናዋን ወለል ይመታሉ፤ ጓታው የምቱ አካል ሆነ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን እያዩ ድንጋይ ሲመጣ ድምፃቸውን ከፍ፣ ሜዳ ሲሆን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔም ነቃሁና ጉድጓዶቹን በምታቸው ልክ እገባባቸው ጀመር። ያን ሁሉ ዳገት እንዲህ ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ከመሪጌታ ጉሮሮ የሚወጣው አየር ብቻ ነበር።

ሰኞ አንዱ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ አማቴ መጀመሪያ ሥርጉትን አዩ፤ ፊቷን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ቀጥለው በሩ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው የቆሙትን መሪጌታን አይተው ጎንበስ አሉ። መሪጌታም ድምፅ ስለሌላቸው ጎንበስ ብቻ አሉ። እሳቸው ቀድመው ሲወጡ አማቴ እጅጌዬን ሳቡኝ።

"ይሁኔ፣ የመኪናህ ቀኝ እግር ይንኳኳል።"

"ሰምተዋል?"

"ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ታመመ? ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አውርደኝ አላሉም?"

"ፈርቼ እኮ ነበር" አሉ። "ግን እንዲያ ያሉ ሰው፣ ለእኔ ብለው ጉሮሯቸውን እየሰነጠቁ፣ አውርደኝ ብዬ ላሳፍራቸው? እንዳትነግራቸው።"

አልነገርኳቸውም። በሳምንቱ ቀኙን ልቀይር ክሪኩን አቆምኩ። የመሪጌታ ድምፅ ገና አልተመለሰም፤ ሰፈሩም ያለ ድምፃቸው አላምር ብሎኝ ነበር፤ ናፍቀውኝ ነበር ብል አላፍርም። መጥተው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡና በመቋሚያቸው አንዱን ቡሎን ጠቆሙኝ። ያ ቡሎን ከጎሚኒው ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ፈታሁት። ዞር ሲሉ መልሼ አሰርኩት።