ጠላት የተቀበለው ጽዋ

ከወንጌል ቃል አንዱ ይቅርልህ ብባል የቱን እንደምመርጥ አውቃለሁ፤ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን። አትስረቅ የሚለው ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚሰረቅ በጠፋበት ዘመን ጻድቅ መሆን ቀላል ነው። ጾሙንም ቢሆን የዘይትና የስኳር ወረፋ ሳንወድ በግድ አስለምዶናል። ጠላት ግን፣ እናንተ ሆዬ፣ ሩቅ አገር ሲኖር ይወደድ ይሆናል እንጂ ጠመንጃ ይዞ በራችሁ ላይ ሲቆም እንዴት ይሆናል?

የማወጋችሁ አራዳ ላይ ሰብሰብ ብሎ ለመሳቅ እንኳ የቀበሌ ፈቃድ ስለሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። እኛ ከአባቶቻችን የወረስነው የሚካኤል ማኅበር ነበረን። በየወሩ በአንዱ አባል ቤት ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል። ቀበሌው ፈቃዱን ሲሰጠን አንድ አብዮት ጠባቂ መረቀልን። ሥራው ቁጭ ብሎ የምንለውን መስማት ነው።

የዚያን ወር ተረኛ ሠራተኛ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። የተላከው ጠባቂ ደግሞ ታደሰ ይባላል፤ የእትዬ አስካለን ልጅ ግርማን ከአልጋው አስነስቶ ቀበሌው እስር ቤት የወሰደው እሱ ነው። እሳቸው በየቀኑ ስንቅ ቋጥረው ቀበሌው በር ላይ ይቆማሉ፤ ታደሰ ይቀበላቸዋል፤ የትናንቱን ሳህን ባዶውን ይመልስላቸዋል። ግርማ ይብላው ጠባቂዎቹ ይብሉት፣ ልጁ ይኑር ይሙት፣ የሚነግራቸው አልነበረም።

የማኅበሩ ቄስ አባ ወልዴ ወንጌሉን ሲገልጡ ያ ቃል ወጣላቸው። አንብበው ሲጨርሱ ሰፋ አድርጎ ማብራራት ልማዳቸው ነበር። የዚያን ቀን ታደሰን አየት አደረጉና መጽሐፉን ዘጉ።

«ያው እንደ ተጻፈው ነው» አሉ።

እትዬ አስካለ ለታደሰ ከሁላችንም ተለቅ ያለውን ዳቦ ሰጡት። እንግዳ ነዋ።

መጨረሻ ላይ አባ ወልዴ ጽዋውን ዘርግተው «ተረኛ ይቀበል» አሉ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀርቷል፤ በዚያ ወቅት ጉንፋን ደግ በሽታ ነበረች። በሱ ፋንታ የሚነሳ ጠፋ። ለምን እንደምትደግስ ቀበሌ ተጠርተህ መጠየቅ አለና ሁላችንም ወለሉን እናጠና ጀመር። የሽማግሌው ቄስ እጅ ተዘርግቶ ሲቀር ያሳፈረው ታደሰን ብቻ ነው። ወይም ጠምቶት ይሆናል። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈና ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጭልጥ አደረገው።

በእኛ ሥርዓት ጽዋ የተቀበለ ይደግሳል። የደገሰ አባል ነው፤ አባል ደግሞ ወንድም ነው። ይህ ሲነገረው ታደሰ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እናቱ አልሳቁም፤ «የሚካኤልን ጽዋ ጠጥተህ ልትከዳ ነው?» ብለው ጌሾ ገዙ። አብዮት ጠባቂም ቢሆን እናቱን ይፈራል።

በወሩ እሱ ቤት ተሰበሰብን። የቀረ ሰው አልነበረም፤ መቅረቱ ከመምጣቱ ይብሳልና። እትዬ አስካለም መጡ። ጠላትን ማብላት በስንት ጣዕሙ፣ የሰጪ እጅ ምንጊዜም ከላይ ነው፤ የጠላትን ዳቦ መብላት ነው የሚከብደው።

ዳቦው ከመቆረሱ በፊት አባ ወልዴ እንደ ወትሮው «ቂም የያዘ አለ?» ብለው ጠየቁ። ቂመኛ ካለ ሳይታረቅ ዳቦ አይቆረስም። እንደ ወትሮው በአንድ አፍ «የለም» ልንል ስንል፣

«አለ» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔ በቤቱ ጌታ ላይ ቂም ይዣለሁ።»

ዓይኔን ወደ ጠመንጃው ጣልኩ።

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለ ታደሰ።

«አልከሰስኩህም፣ ልጄ። አለ ወይ ተባልኩ፣ አለ አልኩ። ውደዱ ተብሏል፤ እሞክራለሁ። ግርማ ይኑር ይሙት ሳላውቅ ግን ከየት ልጀምር?»

የታደሰ እናት ለዳቦው የያዙትን ቢላዋ መሶቡ ላይ አስቀመጡት። ታደሰ እናቱን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የተቀመጥነውን መቀመጥ ለጠላትም አልመኝም። ጓዶቹን ሊያመጣ ይሁን ሌላ፣ ማንም አያውቅም። አባ ወልዴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በመስኮቱ እወጣ እንደሆነ በዓይኔ እለካ ነበር።

ብቻውን ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣

«እትዬ» አለ፤ «ግርማ ሽሮው ጨው ያንሰዋል ብሏል።»

ግርማ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእናቱ ወጥ ላይ ጨው እየጨመረ የሚያናድዳቸው ልጅ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህን ታደሰ ከራሱ ሊፈጥረው አይችልም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። መሐል ላይ «ባለጌ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ልጃቸውን ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና «ዳቦው ይቆረስ» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ሳህን ይዘው ወደ ቀበሌው ሲወርዱ አያቸው ጀመር። አንደኛው ለታደሰ ነው።

«እንግዲህ ጠላትዎን ወደዱት ማለት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጀምሬዋለሁ» አሉኝ። «ጨው የምጨምረው ግን በግርማ ሳህን ብቻ ነው።»