ሲታረም የጠፋው ቧንቧ

ካዛንቺስ ፈርሶ የተበተኑት የድሮ ጎረቤቶቼ ዛሬ ኡራኤል አጠገብ ተገናኝተው "ስለ ሰፈራችን የጻፍከውን ግጥም አንብብልን" ቢሉኝ፣ እኔ ጅሉ የእጅ ጽሑፌን ቤት ትቼ የታተመውን መጽሐፌን ሦስተኛ እትም ይዤ ሄድኩ።

መቼም እኛ ገጣሚዎች ማረም ስንወድ! በእጅ ጽሑፌ ላይ "የእትዬ ዘነበች ቧንቧ" ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ይቀዳበት የነበረው። በመጀመሪያው እትም "የመንደሬ ውሃ" አልኩት። በሦስተኛው "የዘላለም ምንጭ" ሆነ። ማለቴ፣ ተራቅቄ የለ?

አንብቤ ስጨርስ ሁሉም አጨበጨቡ፣ ከእትዬ ዘነበች በቀር።

"አንተ፣ የኔ ቧንቧስ?"

"እሱ እኮ ነው ምንጩ፣ እትዬ።"

"የምን ምንጭ! ከሰፈር መውጣቴ ሳያንስ ከግጥምም አስወጣኸኝ?"

የእጅ ጽሑፉን ይዤ አዲሱ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንደማነብላቸው ቃል ገባሁ።

"ቶሎ በል እንግዲህ፤ ጆሮዬ እየደከመ ነው" አሉኝ።

እስከዚያው የእትዬ ዘነበች አንዲት ስንኝ አለብኝ።