በሞቴ ያልተባለ ጠፈርተኛ

ሰማይ ላይ የቀረን ሰው ማን እንደሚያወርደው አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላስብም ነበር። የእህቴ ልጅ ሕሊና ግን ደመወዝ የሚከፈላት ይህንኑ ለማሰብ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ክሪስታል ሲቲ ካለው ቢሮዋ ቁጭ ብላ፣ የጠፈርተኞች መመለሻ መንኩራኩር ብትበላሽ በምን እናውርዳቸው እያለች ታቅዳለች። ሌላ መንኩራኩር ወንበሯን ባዶ አድርጋ ትሂድላቸው? ዕቃ መጫኛው ላይ ተጠጋግተው ይምጡ? ወይስ ቀለባቸው እስኪያልቅ እዚያው ይቆዩ? "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ራሱን የቻለ የሥራ መደብ እንደሆነ ያወቅሁት በእሷ ነው።

እኔም ብሆን አሜሪካ ባዶ እጄን መጥቼ ሁለት ሱቅ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ሳልቆጥር የትም አልገባም። ባለፈው እሑድ መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች አሌክሳንድሪያ ክርስትና የሄድኩት በሰው መኪና ነው። አዳራሹ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ መመለሻዬን ቆጠርኩ፤ ወደ ሰፈሬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄዱ፣ ባዶ ወንበር ያላቸው አራት መኪናዎች። ለጠፈርተኞቹ እንኳ ይህን ያህል አልታቀደላቸውም።

መመለሱ ደግሞ የግድ ነበር። በአሥር ሰዓት ለጓደኛዬ ልጅ ለዳዊት ሽማግሌ ሆኜ ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ አለብኝ። የልጅቷ አባት አቶ በላቸው፣ ሽማግሌ ከሦስት ከጎደለ ወይም ካረፈደ በሬን አልከፍትም ብለዋል። እሳቸው ካሉ አሉ ነው።

የመጀመሪያው ባለመኪና እዚሁ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። "ጋሼ፣ ራይድ ይፈልጋሉ?" አለኝ።

"ኧረ አትቸገር ልጄ" አልኩት።

"ኦኬ" ብሎ ሄደ።

እናንተ ታውቃላችሁ፤ "አትቸገር" ማለት "አንዴ ጨምረህ ለምነኝ" ማለት ነው። ሰው በሞቴ ሳይባል ዘሎ መኪና ውስጥ ይገባል? ሁለተኛዋም ጠየቀችኝ፤ አትቸገሪ ስላት "ሹር? የምርዎን ነው?" አለችና ቁልፏን አንሥታ ወጣች። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ሳይጠይቀኝ ሄደ፤ ሦስቱን እምቢ ስል አይቶ ቤቴን ወደ አሌክሳንድሪያ ያዛወርኩ መስሎት ይሆናል። ታክሲ አትጠራም ወይ እንዳትሉኝ። ከክርስትና በታክሲ የሚመለስ ሰው ዘመድ የለውም ይባላል። አዳራሹን የሚያጸዱት ሰዎች ከነወንበሬ ሊያጥፉኝ ሲቃረቡ ሕሊና ደወለች።

"ጋሼ፣ ዳዊት ኮል አደረገኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስዎን እየጠበቁ ነው። የት ነዎት?"

"አሌክሳንድሪያ። ግን አንቺ አትቸገሪ።"

"መኪና ውስጥ ነኝ። በር ላይ ይጠብቁኝ።"

መንገድ ላይ ጠየቅኋት፤ "ጠፈርተኞቹ አትምጡ፣ አትቸገሩ ቢሏችሁስ?"

"እነሱን ማን ይጠይቃቸዋል፣ ጋሼ? እኛ የምንጠይቀው አየራቸው ስንት ቀን እንደሚበቃ ነው።"

"የባለጌ ሥራ ነው" አልኳት፤ ቀበቶዬን ግን አላላላሁም።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሦስት ሆነን አንኳኳን፣ አቶ በላቸው ከፈቱልን። የመጣንበትን ቆመን ተናገርን። እሳቸው ግን፣ "ልጄ ገና ናት፤ ደግሞም ዘመድ ሳላማክር አይሆንም" ብለው አሰናበቱን።

ዳዊት ከሕሊና ጋር መኪናዋ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀን ነበር። ፊታችንን አይቶ መስኮቱን አወረደ።

"ምን አሉ?"

"እምቢ አሉ" አልኩት። "በል የሠርግ አዳራሽ ፈልግ።"