በዶክተሩ የሕይወት ታሪክ ላይ ያልተጻፈው

አንቺ አርፈሽ ተቀመጪና ጻፊ፤ የሚያነቡትም አርፈው ይቀመጡ።

ሰው ሲሸለም የሚነበብለት የሕይወት ታሪክ አይገርማችሁም? ተወለደ፣ ተማረ፣ ተመረቀ፣ ተሾመ። እንቅፋት እንኳን አይመታውም!

እሁድ ለአባትሽ፣ ለታናሽ ወንድሜ የሚነበበውም ያው ነው። ኮተቤ ተማረ በይ። ሕክምና ገባ፣ የሳንባ ስፔሻሊስት ሆነ፣ ውጭ አገር ሄዶ ደግሞ ምርምር ተማረ። ሲመለስ "ክሊኒክ ክፈትና ይለፍልን" ብንለው፣ እሱ የመጠይቅ ወረቀቱን ታቅፎ እንጦጦ ሥር እኛው ሰፈር መጣ። የማገዶ ጭስ የሴቶቹን ሳንባ ምን እንዳደረገው ቤት ለቤት ሊጠይቅ። በሽታው ከተገኘ የትንፋሽ መመርመሪያ ለሰፈሩ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

እና ምን አደረግኩ? ቀድሜው በየቤቱ ዞርኩ። "ነገ ወንድሜ ይመጣል። ወረቀቱን ፈረንጆች ያዩታል አሉ። ሰፈራችንን በሽተኛ አታስብሉ፣ ልጃችንን አታሳፍሩት፤ ደህና ነን በሉ!"

አሉለታ! እትዬ ብዙነሽ፣ ስታስል ሦስተኛ ቤት ድረስ የምትሰማዋ ጎረቤቴ፣ ሳሏን ዋጥ አድርጋ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያስልዎታል?"

"ኧረ ዶክተርዬ፣ ምን ሲደረግ!"

እሱ የተባለውን ጻፈ። እኔ በር ላይ ቆሜ ኮራሁባት።

መመርመሪያው ሌላ ሰፈር ሄደ። እትዬ ብዙነሽ ወንድሜ ጋ ሆስፒታል የደረሰችው ትንፋሽ አጥሯት፣ በሰው ተደግፋ ነው። አልተረፈችም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ "እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አጠያየቅ አላወቅኩበትም" አለኝ። እኔ ነኝ አላልኩም። "አይዞህ" አልኩት! እስከ ዛሬ ተማሪዎቹን "እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳትሠሩ" እያለ ይህንኑ ይነግራቸዋል አሉ። እኔ ደግሞ በየሰርጉ ቤት "ወንድሜ ፕሮፌሰር ነው" እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ።

ምን ያስለቅስሻል? ጻፊ እንጂ። እሁድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይነበብ አልልሽም። ዛሬ ግን ሲመጣ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ወንድሜ፣ አጠያየቅህ ምንም አልነበረበትም፤ ሰዎቹን ያስዋሸኋቸው እኔ…"

አቤት! ውይ፣ ደረሰ እንዴ? መጣሁ ወንድሜ፣ መጣሁ! አንቺ፣ ወረቀቱን ደብቂው… አይ፣ ተዪው፣ አትደብቂው፤ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ…