የሚመጣው ልጅ አያት

በየወረዳው ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ሲያማርጥ የሚውል አንድ ሰው አይጠፋም። የሚገርመው ያ ሰው የሚያስተምረው ልጅ የለውም። ልጅ ያላቸውማ መቼ ጊዜ ኖሯቸው! አውቶቡሱ ወደሚሄድበት ይልካሉ፣ አለቀ።

በእኛ በደንሞር ወረዳ፣ በኬንታኪ ተራሮች መካከል፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የተከበሩ አቶ ኦርቪል ፕሬተር ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። ሦስት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉን፦ የሃገንስ ሪጅ፣ የዊሎ ጋፕና የከተማው። የሎርና ቁርስ ቤት ገብተው፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ "እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ካሉ በቃ፣ መረቅ የፈሰሰበት ዳቦዎ እስኪቀዘቅዝ መስማት ነው። እኔ እንኳ፣ ወልጄ የማላውቀው የመኖ መደብር ሠራተኛ፣ የሃገንስ ሪጅ መጸዳጃ ቤት በር ወደ ውስጥ እንደሚከፈት በቃሌ አውቃለሁ።

መመዘኛቸው የራሳቸው ነው። የፈተና ውጤት የሚባል ነገር አይወዱም። "ውጤት ሳሎን ነው፤ እኔ ጓዳውን ነው የማየው" ይላሉ። ጓዳው ማለት ቺሊ ነው። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ያ ቀይ የባቄላና የሥጋ ወጥ የሚበላው የኦቾሎኒ ቅቤ ከተቀባ ዳቦ ጋር ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። አንድ ዓመት የከተማው ትምህርት ቤት ዳቦውን በደረቅ ብስኩት ቢለውጠው፣ አቶ ኦርቪል በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ "ዛሬ ዳቦውን የተወ ነገ ማባዛትን ይተዋል" ብለው ተናገሩ። ዳቦው ተመለሰ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። ስለ ከተማው ትምህርት ቤት ሲጠየቁ "ሕንጻው ያምራል" ብቻ ይላሉ፣ ስለ ሟች እንደሚነገር።

በረዶም አለ። ዊሎ ጋፕ የሚዘጋው በረዶ ሲጥል ነው፤ ሃገንስ ሪጅ ግን የበረዶ ወሬ ሲሰማ ነው። ይህንን ሲናገሩ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ሐዘን የአገር ሐዘን ነው።

ትልቁ የምርመራ ቀን ግን የአያቶች ምሳ ነው። መጸው በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቶቹ አያቶችን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ምሳ ይጋብዛሉ። አቶ ኦርቪል በሦስቱም ይገኛሉ። በር ላይ "የማን አያት ነዎት?" ሲባሉ፣ ቀና ብለው "የሚመጣ ልጅ አያት ነኝ" ይላሉ። የሚመልሳቸው የለም። "አያት" የሚል ተለጣፊ ደረታቸው ላይ ይለጥፉላቸዋል፤ ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ብቻቸውን ይበላሉ። ተለጣፊውን እስከ ገና ድረስ ከኮታቸው አያወልቁትም።

የሚመጣው ልጅ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሴት ልጃቸው ጃኔል ከልጇ ከሜዚ ጋር የምትኖረው ኦሃዮ፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ አቶ ኦርቪል "ነይ፣ ቤቱ ባዶ ነው" ቢሏት፣ "ደስ ይለኝ ነበር አባዬ፤ ግን ለሜዚ ጥሩ ትምህርት ቤት ያስፈልጋታል" አለቻቸው። ሰበብ ነበር። ሎርና አወቀች፣ እኔ አወቅሁ፣ ፖስተኛውም አወቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ብቻ ቃሏን እንዳለ ያዙት። የጎደለው ጥሩ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ተፈልጎ ይገኛላ። ባርኔጣው ጠረጴዛ ላይ መውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘንድሮ በአያቶች ምሳ ሰሞን ጃኔል ትንሿን ሜዚን ይዛ መጣች። አቶ ኦርቪል ጢማቸውን ተላጭተው፣ መኪናቸውን አጥበው፣ ሦስቱንም ትምህርት ቤት አዞሯቸው። በመጨረሻ አሸናፊው ዊሎ ጋፕ ደረሱ። እኔ ለትምህርት ቤቱ ዶሮዎች መኖ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ያየሁትን ነው የምናገረው። ሜዚ ዥዋዥዌ ላይ ሆና ትስቃለች፤ አቶ ኦርቪል ስለ አዲሱ ማሞቂያ ያስረዳሉ። ጃኔል ክንዳቸውን ያዘች።

"አባዬ፣ ነገሩ የትምህርት ቤት አልነበረም" አለች።

"ጣሪያውንም አድሰውታል" አሉ እሳቸው።

"አባዬ፣ ስማኝ። ሥራዬም ሰዎቼም እዚያ ናቸው፤ የሜዚም ጓደኞች። ያን ጊዜ እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልኩህ። እስከ ዛሬ ስትዞር የምትኖር መች መሰለኝ።"

አቶ ኦርቪል ዓይናቸውን ወደ ሜዚ መለሱ። ከዚያ በቀስታ፣ "ዥዋዥዌው ግን ጥሩ ነው፣ አይደል?" አሉ። ጥሩ ነው አለች ጃኔል፣ እያለቀሰች። እኔ የዶሮ መኖዬን እንደታቀፍኩ የምገባበት ጠፋኝ።

እሑድ እናትና ልጅ ሄዱ። ማክሰኞ አቶ ኦርቪል ቁርስ ቤት መጡ። ተለጣፊው አንድ ጥጉ ተላጦ ኮታቸው ላይ አለ፤ ባርኔጣቸውን ግን አላወለቁም። ሎርና ቡና ቀዳችላቸው። ፖስተኛው ስለ ዝናቡ አወራ፤ ሰው ሁሉ ስለ ዝናቡ ደገመለት። ለዓመታት "ኧረ ይበቃናል ጋሼ" ስንላቸው የኖርን ሰዎች፣ ዝም ሲሉ ጊዜ ምን እንደምናደርግ አላወቅንም። ባዶው ቤታቸው እዚያ ድረስ ተከትሏቸው የመጣ መሰለኝ።

ቡናዬን አስቀመጥኩ።

"ጋሼ ኦርቪል፣" አልኳቸው፣ "ለመሆኑ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?"

ቀና ብለው አዩኝ። ፀጉሬ ከእሳቸው ፀጉር እኩል ሸብቷል፤ ከእንግዲህ እንደማልወልድ ያውቃሉ።

"ለማን?" አሉኝ።

"ለሚመጣ ልጅ።"

ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"መጀመሪያ" አሉ፣ "ቺሊውን እንይ።"

ሎርና መኖ መደብር ደውላ እንደምዘገይ ነገረችልኝ።