ከፕሮግራም ውጪ የሞላው ወንዝ

የወንዝ ዳሩ መናፈሻ ጽሕፈት ቤት የሠራተኞቹን የመዝናናት አቅም ለመገንባት ቆርጦ መነሣቱ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው። ሥራ አስኪያጁ በሦስት ስብሰባ ባጸደቁት ፕሮግራም መሠረት ሠላሳ ሰው ድንኳኑን ይዞ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ሰፈረ። ከአራት እስከ አራት ተኩል ወንዙን ማድነቅ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ገለጻ፣ ስድስት ተኩል ላይ ምሳ። አየሩን ለመተንፈስ የተያዘ ሰዓት አልነበረም፤ በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ይካተታል ተብሏል።

ሽማግሌው ጥበቃ ይህን ሁሉ ከዳር ቆሞ ያያል። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቶታል፤ እጁ ላይ ደግሞ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። አምና ድንኳኖችን ያለ ፈቃድ ከዚሁ አሸዋ ወደ ኮረብታው በማዛወሩ የተጻፈበት ነው። አንድ ጥፋት ቢጨመርበት ይባረራል።

ገለጻው ተጋግሎ ሳለ ውሃው ደፈረሰ፤ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርድ ጀመር። ጥበቃው ደንግጦ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ላይ ዘንቧል። ደራሽ ሳይመጣ ሰዉን እናንሣ።»

«በማን ጥናት?»

«በውሃው ቀለም።»

«አባባ፣ በጽሑፍ ያቅርቡና ይታያል። ሥራ እንዳይበደል ማኅተሙን እንኳ ድንኳኔ ውስጥ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ጎርፍ እኮ ደብዳቤ አይጠብቅም!»

«እንግዲያው የሥነ ሥርዓት ጉድለቱ የጎርፉ ነው» አሉ፤ ታዳሚው አጨበጨበ።

ጥበቃው የሚያጨበጭቡትን አየ። ጠዋት ጠዋት ሻይዋን የምታካፍለው ጸሐፊም መሐላቸው ነበረች። አንጀቱ አልቻለም። ኮረብታው ላይ ወጣና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«ምሳ ቀርቧል!»

የመሥሪያ ቤቱ የለውጥ ዝግጁነት የታየው ያኔ ነው። ሠላሳ ሰው አንድም ተቃውሞ፣ አንድም ድምፀ ተዓቅቦ ሳይመዘገብ ኮረብታውን ወጣ፤ ቀዳሚው ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። የመጨረሻው ሰው አሸዋውን እንደለቀቀ ደራሹ መጥቶ ድንኳኑንም ወንበሩንም ጠራርጎ ወሰደው።

ጸሐፊዋ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ ግን ዙሪያቸውን ቃኝተው፣

«ምሳው የታለ?» አሉ።

«ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«ሃምሳ ደቂቃ አስቀድሞ፣ ያውም የሌለ ምሳ!»

የስንብት ደብዳቤው እዚያው ተረቅቆ ተፈረመ። ማኅተሙ ግን ከድንኳኑ ጋር ቁልቁል ሄዷል። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ አይጸናም፤ በዚህ ሥራ አስኪያጁ አይደራደሩም።

ስለዚህ ማኅተሙን ፈልጎ የማምጣቱ ከባድ ኃላፊነት፣ ወንዙን ከማንም በላይ ለሚያውቀው ለጥበቃው በቃል ተሰጠ። እሱም ጡረታው እስኪደርስ ድረስ በየማለዳው እየወጣ ያለ መታከት ፈለገ፤ ከወንዙ በላይኛው በኩል።