ጸሎተ ሃይማኖት ግድግዳ ላይ

ገመዱን ነቀልኩት።

ግድግዳው ላይ ይበራ የነበረው ጽሑፍ ድርግም አለ። ሕዝቡ «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብሎ ጀምሮ ነበርና «ዘያስተርኢ» እስኪል ድረስ በያዘው ፍጥነት ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ሆኽስት በሚባለው ሰፈር ጀርመኖቹ በወር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ለሐበሻ ካቶሊኮች በሚለቁልን ቤተ ክርስቲያን፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ባዶ ግድግዳ ያያል።

እኔ «ወዘኢያስተርኢ» ብዬ ቀጠልኩ። ብቻዬን። ገመዱን እንደያዝኩ እስከ አሜን ድረስ ደረስኩ።

ሽማግሌው አብዷል ከማለታችሁ በፊት ስሙኝ። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ይህንንም እኔ እናገራለሁ እንጂ የምትጽፈው ልጄ ናት፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊደል ሳይቆጥሩ ጀርመን አገር ሠላሳ ዓመት መኖር ይቻላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ከምኖርበት ከሪደርቫልድ እስከ ሆኽስት ያለውን ፌርማታ በጣቴ ቆጥሬ አውቀዋለሁ። የሚመጣልኝን ደብዳቤ ልጄ ታነበዋለች። ቢሮ ሄጄ ፎርም ሲሰጡኝ «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ይህን ውሸት የማልዋሽበት አንድ ቤት ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴውን ጉራጌ አገር እንሰት ስንተክል ከአባቴ አፍ ነው የተማርኩት። እሱ እንደ ካህን ይላል፣ እኔ እንደ ሕዝብ እመልሳለሁ። እሱም ቢሆን በጆሮው የወሰደው ነው። በኋላ እዚህ ፋብሪካ በርሜል ሳጥብ፣ ስንቱን በርሜል በ«እግዚኦ ተሠሃለነ» እንዳጠብኩት እሱ ራሱ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከዶክተሩም ከመሐንዲሱም እኩል ነበርኩ። እንዲያውም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እበልጥ ነበር።

የጀርመኖቹን ነገር ተውት። ጠዋት እነሱ ጋ ሳስቀድስ ጊታር አለ፣ ወንበሩ ክብ ሠርቶ ተደርድሯል፣ መንበርከኪያው ተነቅሏል፣ ሥጋ ወደሙን ያህል ነገር እንደ ባቡር ትኬት በእጅ ይቀበላሉ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተንበርክኬ አፌን እከፍታለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ይቆማል። ይቁም። ለምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሕዝቡ እንዲገባው።» እኔስ ሕዝብ አይደለሁም? ለእኔ ሲሉ የሚለውጡትን ሁሉ እኔን አንድ ቀን ሳይጠይቁኝ ነው የለወጡት። ቢሆንም የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ የእኛው ኮሚቴ ፕሮጀክተር አስገባ። ሊቀመንበሩ አቶ ተካ ናቸው፤ ድሮ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ማሽኑን የምትነካው ሰላም ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነች ልጅ። ግዕዙን በፊደል፣ ከሥሩ በላቲን፣ ከዚያ ሥር በጀርመንኛ አድርጋ ታበራዋለች፤ እዚህ የተወለዱት ልጆች እንዲያነቡት። ክፋት የለበትም። ግን ካህኑን የሚያይ ሰው ጠፋ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ በድሮው ዜማ ስመልስ፣ ሌላው ከግድግዳው ጋር ጥሎኝ ይሄዳል። ሁለት ወር ታገልኩና አፌን ዘጋሁ። እንዲህ አድርጌ በሰባ ስምንት ዓመቴ መሃይም ሆንኩ።

ሰላም አየችኝ።

«አባባ፣ አይታይዎትም እንዴ?»

«አይታየኝም» አልኳት። የለመደ አፍ።

በሚቀጥለው ወር ፊደሉን አሳደገችው። አፌ እንደተዘጋ ነው። ደግሞ አሳደገችው፤ «እግዚኦ» ብቻውን ግድግዳውን ሞላና «ተሠሃለነ» እስኪመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ይህም አልሆነላትም። በመጨረሻ «ቴርሚን ይዤልዎታለሁ» ብላ፣ ቀጠሮ ማለቷ ነው፣ ክንዴን ይዛ ዐይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙም እንደ ሰላም ግድግዳ ላይ ፊደል አበራ፤ የሚለውን እሷ ትተረጉምልኛለች።

«ምን ይታይዎታል አባባ?»

«ሁሉም።»

«እኮ ይንገሩታ!»

ምን ብዬ ልንገረው? ሐኪሙ ዝምታዬን ለክቶ መነጽር አዘዘልኝ፤ የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ። አድርጌው ስወጣ ደረጃው ሁለት ሆኖ ታየኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሴ ያን መነጽር ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ፊት ያስቀመጠችኝ ሰላም ናት። ሶኬቱም ያለው ፊት ነው። የሆነውን ነግሬአችኋለሁ።

ቅዳሴው እንዳበቃ ኮሚቴው አዳራሽ አስጠራኝ። አባታችንም፣ ካህኑ ማለቴ ነው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«አቶ ወልዴ፣ ይቅርታ ይጠይቁ» አሉ አቶ ተካ። «ጸሎት ረብሸዋል።»

«እኔ ጸለይኩ» አልኩ። «ዝም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«አሠራሩ ለምእመኑ ተሳትፎ ተብሎ የመጣ ነው እኮ!»

«ገመዱ ሲነቀል ስንት ሰው ተሳተፈ?»

አባታችን ሳል ያዛቸው። ሳል ይሁን ሳቅ አላጣራሁም። ሰላም ግን ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው አባባ! ፊደሉን አሳደግኩ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ቤት ይዤዎት ሄድኩ፤ መነጽሩ ካልሠራ ለእኔ አይነግሩኝም?»

በዚህ ጊዜ ነው ያመመኝ። አቶ ተካን እችላቸዋለሁ። የእሷን ድካም ግን በውሸት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ዐይኔ ደህና ነው» አልኳት። «ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም።»

አቶ ተካ «ጊንሃይም ሰፈር ለጀማሪ የሚሆን የንባብ ኩርስ አለ» አሉ። በደግነት ነው ያሉት።

«አቶ ተካ፣ ኩርሱ ለማያውቀው ይሁን። እኔ ቅዳሴውን አውቀዋለሁ። ይቅርታ ሰላምን እጠይቃለሁ፤ ማሽኑን ግን አልጠይቅም። መልሳችሁ ካበራችሁት መልሼ እነቅለዋለሁ። ገመዱን ከደበቃችሁት ፊቱ እቆማለሁ፤ ያኔ ነአምንን ከጀርባዬ ላይ ታነቡታላችሁ።»

በዕድሜዬ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አባታችን «ማሽኑ ለጊዜው ጠፍቶ ይቆይ» አሉ፤ አቶ ተካም ተዉት።

ሰላም እንባዋን ጠርጋ አጠገቤ መጣች። «አባባ፣ ያንን ጸሎተ ሃይማኖት እንደገና ይበሉልኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ አሜን።» ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዐይኔን ጨፈንኩና ጀመርኩ፤ አባቴ እንደሚለው፣ ሳልቸኩል፣ አንዲት ቃል ሳላጓድል። አሜን ብዬ ዐይኔን ስገልጥ፣ ስልኳ አፌ ሥር ተደቅኖ ቀይ መብራት ያበራል።

«ጎበዝ አባባ! ቀድቼዎታለሁ፤ ከእንግዲህ እርስዎ እንኳ ቢቀሩ በስፒከር እንለቅዎታለን።»